ባሕር በቀን ሁለቴ የሚዘጋው መንገድ፦ ስለ ሊንዲስፋርን ለጠየቃችሁን

ሊንዲስፋርን በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ጠረፍ፣ በኖርዘምበርላንድ የምትገኝ ትንሽ ደሴት ናት። አገሬው «ቅድስት ደሴት» ይላታል። በላይዋ ያለችው መንደር አንዲት ብቻ ስትሆን ነዋሪዋ 200 እንኳ አይሞላም። በዚህ ወር ስለ እሷ የደረሱን ጥያቄዎች ብዙ ስለሆኑ ዓምዱን በሙሉ ለእነሱ ሰጥተነዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ «በጋ» እና «ክረምት» ስንልም የእንግሊዝን የሙቀትና የብርድ ወራት ማለታችን ነው።

ጥያቄ (ከማንቸስተር)፦ በመኪና ደርሰን ማታ ለመመለስ አስበናል። መንገዱ በባሕር እንደሚሸፈን ሰምተናል፤ ሰዓቱን የምናውቀው እንዴት ነው? ከፍ ያለ ባለ አራት ጎማ መንጃ መኪና ካለንስ ያን ያህል ያሰጋል?

መልስ፦ ከሁለተኛው እንጀምር። ያሰጋል። መንገዱ ላይ የሚጠለቁት መኪኖች ከፍተኛም ዝቅተኛም ናቸው፤ ጨው ውሃ ሞተር ውስጥና ኤሌክትሪክ ውስጥ ከገባ የመኪናው ቁመት የሚያመጣው ለውጥ የለም። ጥልቀቱ አነስተኛ ቢመስልም በጎን የሚመጣው ውሃ መኪናውን ከአስፋልቱ ይገፋዋል።

ሰዓቱን የሚያወጣው የኖርዘምበርላንድ ካውንቲ ምክር ቤት ነው። ለእያንዳንዱ ቀን «ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት መሻገር ይቻላል» የሚል ሰንጠረዥ በድረ ገጹ ላይ አለ፤ በመንገዱ ሁለት ጫፍም ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ሌላ ሰንጠረዥ አትጠቀሙ። ስልካችሁ ላይ ያለው ተራ የባሕር ሙላት መተግበሪያ የሚነግራችሁ ውሃው ጣሪያ የሚደርስበትን ሰዓት እንጂ መንገዱ የሚዘጋበትን አይደለም። ከዚህም በላይ አንዳንዶቹ የሚቆጥሩት በግሪንዊች ሰዓት ስለሆነ በበጋ አንድ ሰዓት ያሳስታሉ።

ለማቀድ ያህል ይህን ያዙ፦ መንገዱ ባሕሩ ከሞላ ከ3 ሰዓት ያህል በኋላ ይከፈትና ከሚቀጥለው ሙላት 2 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይዘጋል። ባሕሩ እኩለ ቀን ላይ ሞላ እንበል። ወደ 15:00 ገደማ ይከፈታል፤ ቀጣዩ ሙላት ከእኩለ ሌሊት በኋላ 00:25 አካባቢ ስለሚሆን ከ22:25 በፊት መውጣት አለባችሁ። በማግሥቱ ሁሉም ነገር 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ ምክንያቱም ሁለት ሙላትና ሁለት ጉድለት የሚጠናቀቁት በ24 ሰዓት ሳይሆን በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው። ስለዚህ «ባለፈው ቅዳሜ ጓደኛችን በዚህ ሰዓት ተሻግሯል» የሚል ምክር ዋጋ የለውም። ይህ ስሌት ቀን ለመምረጥ ይረዳል፤ ለመሻገር ግን ሰንጠረዡ ብቻ።

ሰዎች የሚያዙት ለምን እንደሆነ ብታውቁ ይጠቅማችኋል። ከዋናው ምድር የሚነሣው አስፋልት በመጀመሪያ ሜዳ የሆነውን ጭቃና አሸዋ ያቋርጣል፣ ድልድይ አለው፣ ከዚያ የደሴቲቱን የአሸዋ ክምር ጥግ ጥጉን ይዞ ወደ መንደሩ ይሄዳል። ቀድሞ የሚጥለቀለቀው ድልድዩ አካባቢ ያለው ዝቅተኛ ቦታ ነው። ከመንደሩ የሚነሣ ሰው ፊቱ ያለውን ደረቅ መንገድ አይቶ ይነዳል፤ ውሃውን የሚያገኘው መጨረሻ ላይ ነው፤ ወደ ኋላ ሲዞር ደግሞ ያለፈበትም ረጥቧል። ሜዳው ተዳፋት ስለሌለው ባሕሩ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል በስፋት ብዙ መቶ ሜትር ይሸፍናል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት 4 ሜትር ያህል ይደርሳል። የአየር ግፊት ሲወርድና ነፋስ ውሃውን ወደ ጠረፉ ሲገፋ ደግሞ ባሕሩ ከተሰላው በላይ ይወጣል፤ በዚህ ጊዜ ሰንጠረዡ የፈቀደው የመጨረሻ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይታመንም።

ከተያዛችሁ መኪናውን ተዉት። ድልድዩ አጠገብ በረጃጅም እግሮች ላይ የቆመች ነጭ ጎጆ አለች፤ ደረጃዋን ወጥታችሁ 999 ደውሉና የባሕር ጠረፍ ጥበቃን ጠይቁ። መኪናውን ለማዳን ብላችሁ ወደ ውሃው አትመለሱ።

አንድ የእኛ ሰው ብቻ የሚሠራው ስሕተትም አለ። ሰንጠረዡ 14:20 ይላል፤ አንዱ ለሌላው በስልክ «ስምንት ከሃያ» ብሎ ይነግረዋል፤ ሰሚው በእንግሊዙ 8:20 ነው ብሎ ይመዘግባል። ሰዓቱን በጽሑፍ፣ በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር ተለዋወጡ።

በእኛ አስተያየት ደርሶ መልስ ከማሰብ ይልቅ መንገዱ ሲዘጋ ደሴቲቱ ላይ መቆየት ይሻላል። ጎብኚው ሄዶ መንደሩ ጸጥ የሚለው ያኔ ነው። መዝጊያው 5 ሰዓት ያህል ስለሚወስድ አዳር ካሰባችሁ ክፍል አስቀድማችሁ ያዙ፤ ማደሪያው ጥቂት ነው። መኪና የሚቆመው ከመንደሩ መግቢያ ባለው ትልቁ ማቆሚያ ሲሆን ከዚያ ወዲያ በእግር ነው።

ጥያቄ (ከኤድንብራ)፦ እንደ ጥንቶቹ ተሳላሚዎች በእግር አሸዋውን አቋርጬ መግባት እፈልጋለሁ። ለመኪና የወጣው ሰዓት ለእኔም ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የተሳላሚዎቹ መንገድ ከአስፋልቱ ተለይቶ ቀጥታ ወደ መንደሩ የሚሄድ ሲሆን 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በረጃጅም የእንጨት ምሰሶዎች ተመልክቷል። መኪና በደቂቃዎች የሚያልፈውን እርስዎ ወደ 2 ሰዓት ይፈጅብዎታል፤ በመካከሉም ከአስፋልቱ ያነሱ ቦታዎች አሉ።

ደንቡ ይህ ነው፦ ለመኪና ከተፈቀደው ሰዓት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ይጠቀሙ፤ ባሕሩ እየጎደለ ሳለ ተነሥተው ጉድለቱ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ደሴቲቱን ይርገጡ። ከላይ በሰጠነው ምሳሌ ባሕሩ ከሁሉ የሚጎድለው 18:10 ገደማ ስለሆነ መነሻዎ ወደ 16:10 ይሆናል። 18:30 ላይ ተነሥቼ እደርሳለሁ የሚል ሰው ከሚመጣው ውሃ ጋር እሽቅድድም ገባ ማለት ነው።

ከምሶሶዎቹ መስመር አይውጡ። ከመስመሩ ውጭ እግር የሚይዝ ለስላሳ ጭቃና የሚያሰምጥ አሸዋ አለ። ምሰሶ ላይ የተሠሩ መሸሸጊያዎች በመንገዱ ላይ ታገኛላችሁ፤ ለጭንቅ ጊዜ እንጂ ለማረፊያ አይደሉም። ጫማን በተመለከተ ሁለት ምርጫ አለ፤ ባዶ እግር ወይም ረጅም የጎማ ቦት። የተራራ ጫማ ጭቃው ውስጥ ይከብዳል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ይቀራልም። ባዶ እግር በበጋ ደስ ይላል፤ በቀዝቃዛው ወራት ግን እግር ስለሚደነዝዝ የዛጎል ስባሪ ሲቆርጥዎ እንኳ አይሰማዎትም። ፎጣ፣ ደረቅ ካልሲ፣ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ስልክ ይያዙ። ጉም ከወረደ አይነሡ፤ ሁለተኛው ምሰሶ ካልታየዎት መንገድ የለዎትም።

ለመመለስ አውቶቡስ ይሻላል። ከቤሪክ የሚነሣው አውቶቡስ ሰዓቱ ከባሕሩ ጋር ስለሚለዋወጥ ለዚያው ቀን የወጣውን ፕሮግራም ይመልከቱ። በምዕራባውያኑ አቆጣጠር በስቅለት ዕለት ትልልቅ የእንጨት መስቀል የተሸከሙ ምእመናን በዚሁ አሸዋ ላይ ይሻገራሉ፤ ከእኛ ስቅለት ጋር የሚገጥመው በአንዳንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ ቀኑን ያጣሩ።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ ገዳሙ ዛሬም መነኮሳት አሉበት? ታዋቂው የብራና ወንጌልስ እዚያው ይታያል?

መልስ፦ ሁለቱም የሉም። ገዳሙ ፍርስራሽ ነው፤ ወንጌሉ እርስዎ ያሉበት ከተማ፣ በብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ነው። ወደ ሰሜን ለዐውደ ርእይ የሚሄደው አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ በ2013 ደርሃም፣ በ2022 ኒውካስል ታይቷል። ደሴቲቱ ላይ የሚታየው ቅጂው ነው።

ለመሆኑ ለምን እዚህ ተጻፈ? የኖርዘምብሪያው ንጉሥ ኦስዋልድ ሕዝቡን የሚያስተምርለት ሲፈልግ በስኮትላንድ ምዕራብ ጠረፍ ካለችው የአዮና ደሴት ኤይዳን የሚባል መነኩሴ መጣለት። በ635 ኤይዳን ገዳሙን የተከለው እዚህ ነው። ቦታው በዘፈቀደ አልተመረጠም። በቀን ሁለቴ ከዓለም ይለያል፣ በቀን ሁለቴ ይገናኛል፤ የንጉሡ አምባ ባምበራም ከባሕሩ ማዶ በዓይን ይታያል። ለጸሎትም ለቤተ መንግሥትም የተመቸ ነበር።

ኋላ የገዳሙ አለቃ፣ በ685 ደግሞ ጳጳስ የሆነው ካዝበርት በ687 በፋርን ደሴት በብቸኝነት ሳለ ዐረፈ። ከ11 ዓመት በኋላ መቃብሩ ሲከፈት ሥጋው ሳይፈርስ ተገኘ ተባለ፤ ተሳላሚው የበዛው ከዚያ ወዲህ ነው። ወንጌሉም የተጻፈው ለእግዚአብሔርና ለእሱ ክብር እንደሆነ በመጽሐፉ መጨረሻ የሰፈረው ማስታወሻ ይናገራል። ያው ማስታወሻ ጸሐፊው ከ698 እስከ 721 ጳጳስ የነበረው ኢድፍሪዝ እንደሆነ፣ የጠረዘው ኤዘልዋልድ፣ ሽፋኑን በወርቅና በዕንቁ ያስጌጠው ቢልፍሪዝ እንደሆኑ ይዘረዝራል። ያ ሽፋን ዛሬ የለም። ማስታወሻውን የጻፈው አልድሬድ የተባለ ካህን ሲሆን በ10ኛው ክፍለ ዘመን በላቲኑ መስመሮች መካከል እያንዳንዱን ቃል በጥንታዊ እንግሊዝኛ አስገብቷል። በእንግሊዝኛ ከተተረጐሙት ወንጌሎች እስከ ዛሬ ከተረፉት ሁሉ የሚቀድመው ይህ በደቃቅ ፊደል የተጨመረው ትርጓሜ ነው።

በ793፣ በፈረንጅ ጁን 8 ቀን፣ ከስካንዲኔቪያ በመርከብ የመጡ ዘራፊዎች፣ ቫይኪንጎች፣ በመነኮሳቱ ላይ ወረዱባቸው። መነኮሳቱ ወዲያው አልተበተኑም፤ የካዝበርትን ሥጋ ይዘው የወጡት በ875 ነው። ብዙ ተንከራተው በ995 ደርሃም ደረሱ፤ መቃብሩ እስከ ዛሬ በደርሃም ካቴድራል ነው። ስለዚህ ታሪኩን ሙሉ ማየት የሚፈልግ ሰው ጉዞው ሦስት ቦታ ነው፦ ደሴቲቱ፣ ደርሃም፣ ለንደን።

ደሴቲቱ ላይ የሚያዩት ቀይ ድንጋይ የኤይዳን ገዳም አይደለም፤ ብዙ ጎብኚ እንደዚያ ብሎ ይመለሳል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከደርሃም የመጡ የቤኔዲክት መነኮሳት የሠሩት ነው። በአየር ላይ ብቻውን የቀረውን ቀስት ቀና ብለው ይመልከቱት፦ በላዩ የነበረው ማማ ወድቆ እሱ ቆሟል። ሙዚየሙ ውስጥ ደግሞ ሁለት ነገር እንዳያመልጥዎ። አንዱ በአንድ ጎኑ መሣሪያ ያነሡ ሰዎች፣ በሌላው ጎኑ የፍርድ ቀን ምልክቶች የተቀረጹበት የ9ኛው ክፍለ ዘመን የመቃብር ድንጋይ ነው። ሌላው ኦስጊዝ የተባለች ሴት ስም የተጻፈበት ትንሽ ድንጋይ።

ጸሎት የሚደረግበት አጠገቡ ያለው የቅድስት ማርያም ደብር ነው፤ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ነው። ውስጡ ስድስት መነኮሳት የካዝበርትን ሣጥን ተሸክመው ሲሄዱ የሚያሳይ ከግንድ የተጠረበ ትልቅ ሥራ አለ፤ የፌኒክ ሎውሰን ነው። የመጋዙ ምልክት ሳይለሰልስ ቀርቷል፤ ቆመው ሊያዩት ይገባል። በግቢው ውስጥ ሙሽራ ዘላ የምታልፈው ድንጋይም አለ፤ ከዘለለች ትዳሯ ይሠምራል ይላሉ።

ጥያቄ (ከሊድስ)፦ እናቴን ይዤ ነው የምሄደው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ግንቡንና ገዳሙን ሁለቱንም ማየት ይችላሉ?

መልስ፦ ለእሳቸው ገዳሙ ይቅደም። መንደሩ ውስጥ ስለሆነ ከመኪና ማቆሚያው ሩቅ አይደለም፤ መሬቱም በአብዛኛው ሜዳ ሣር ነው። ግንቡ ግን ከመኪና ማቆሚያው 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ሲደርሱም በድንጋይ የተነጠፈ ቀጥ ያለ አቀበት ይጠብቃቸዋል፤ ውስጡ ደግሞ ጠባብ ደረጃ ነው። ዝናብ ከጣለ ድንጋዩ ያዳልጣል። ግንቡ ከሩቅ ነው የሚያምረው ብንል ብዙም አናጋንንም፤ ወደቡ ዳር ተቀምጠው ቢያዩት ምንም አይቀርባቸውም።

ትኬት ሲገዙ ይህን ያስተውሉ፦ ገዳሙን የሚያስተዳድረው ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ፣ ግንቡን ናሽናል ትረስት ነው። የአንዱ አባልነት ካርድ በሌላው በር አያስገባም። የግንቡ መክፈቻ ሰዓት እንደ ባሕሩ ይለዋወጣል፤ በክረምት ደግሞ ይዘጋል።

ሁለቱ ሕንጻዎች ግን አንድ ድንጋይ ናቸው። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማቱን ካዘጋ በኋላ የገዳሙ ቤተ ክርስቲያን የባሕር ኃይል ዕቃ ማከማቻ ሆነ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የስኮትላንድን ጥቃት ለመመከት ቋጥኙ ላይ ግንብ ሲሠራ ድንጋዩ ከገዳሙ ፍርስራሽ መጣ። ወታደሩ ከሄደ ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጽሔት ባለቤቱ ኤድዋርድ ሃድሰን ግንቡን ይዞ ከ1903 ጀምሮ በአርክቴክቱ በኤድዊን ላቸንስ መኖሪያ ቤት አስደረገው። ከግንቡ ወዲያ ሜዳው ላይ ያለችውን ባለ አጥር ትንሽ የአበባ ቦታ በ1911 የነደፈችው ገርትሩድ ጂኪል ናት፤ የምታብበው በበጋ ሲሆን በሌላ ወቅት ባዶ አጥር ታያላችሁ። የግንቡ ችግር ምን ጊዜም እርጥበት ነው፤ ከባሕር የሚመጣው ዝናብ በግድግዳው ስለሚሰርግ ለትልቅ ጥገና ከ2016 መጨረሻ እስከ 2018 ተዘግቶ ነበር።

ጥያቄ (ከኒውካስል)፦ ከግንቡ ጀርባ ባሕሩ ዳር ያሉት ትልልቅ የድንጋይ ቅስቶች ምንድን ናቸው? ምሽግ ናቸው ያለኝ ሰው አለ።

መልስ፦ የኖራ ማቃጠያ ምድጃዎች ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ተሠርተው ክፍለ ዘመኑ ሳያልቅ ሥራ አቁመዋል። ሰው ሳይበዛበት ደሴቲቱን ማየት ለሚፈልግ የምንመክረው ቦታ ይህ ነው፤ መግቢያም አይከፈልበትም።

አሠራሩ ይኸውና። የኖራ ድንጋይ ከደሴቲቱ ሰሜን ተፈልፍሎ በሐዲድ ላይ በፈረስ በሚጎተት ጋሪ ወደዚህ ይመጣል። ሐዲዱ ከምድጃዎቹ ጫፍ ጋር እኩል ስለተዘረጋ ጋሪው ከላይ ነው የሚገለበጠው። ከሰል በመርከብ ከስኮትላንድ፣ ከደንዲ ይገባል። አንድ ረድፍ ከሰል፣ አንድ ረድፍ ድንጋይ እየተደረበ እንደ ጉድጓድ የሆነው ምድጃ ይሞላና ከሥር ይለኮሳል። ወደ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ድንጋዩ ውስጡ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅቃል፤ የሚቀረው ጥሬ ኖራ ነው። እሳቱ አይጠፋም፦ ከታች በቅስቶቹ በኩል የበሰለው በአካፋ እየወጣ ከላይ አዲስ ይጨመራል። ቅስቶቹ የሠፉትም አካፋ ለሚያነሣ ሰው ቦታ ለመስጠትና አየር ወደ እሳቱ ለማስገባት ነው።

ሥራው አደገኛ ነበር። ጥሬ ኖራ ውሃ ከነካው ይግላል፣ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ መርከብ ላይ ተጭኖ ውሃ ቢገባበት እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ገበያው ግን ነበረው፤ የኮመጠጠ የእርሻ አፈር ለማስተካከልና ለግንብ ማያያዣ። ቅስቶቹ ውስጥ ሲገቡ ጣሪያውን ተመልከቱ፤ ሙቀቱ ያጠቆረው ድንጋይ ይታያል። ጫፉ ላይ ስትወጡ ደግሞ ልጆችን በእጅ ያዙ፤ የምድጃዎቹ አፍ ጥልቅ ነው።

ጥያቄ (ከብራድፎርድ)፦ በደሴቲቱ ምሥራቅ ጫፍ ነጭ ፒራሚድ፣ ከወደቡ ማዶ ደግሞ ሁለት ሐውልት የሚመስሉ ነገሮች አየሁ። መቃብር ናቸው?

መልስ፦ መቃብር አይደሉም፤ የመርከበኛ ምልክቶች ናቸው። ነጩ ፒራሚድ ኢማኑኤል ሄድ በሚባለው ጫፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቆመ ነው፤ ብርሃን የለውም፤ በቀን ከሩቅ እንዲታይ ብቻ ነው የተሠራው። ከወደቡ ማዶ ያሉት ሁለቱ የሚሠሩት አብረው ነው፦ መርከቡ ላይ ያለው ሰው አንዱ ከሌላው ፊት እስኪሰለፍ ድረስ አቅጣጫውን ያስተካክላል፤ ከተሰለፉለት ጥልቁ መስመር ላይ ነው፤ ከተራራቁበት ወደ አሸዋው እየሄደ ነው። ወደብ ዳር ተገልብጠው መጋዘን የሆኑትን ጥቁር የዓሣ ጀልባዎችም ያያሉ፤ ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ ይጠመድባቸው የነበሩ ናቸው። ዛሬ የሚጠመደው ሸርጣንና ሎብስተር ነው።

ጥያቄ (ከግላስጎ)፦ ውሻችንን ይዘን በአሸዋ ክምሮቹ ላይ ብንራመድ ይፈቀዳል?

መልስ፦ ይፈቀዳል፤ ግን በማሰሪያ። አካባቢው ብሔራዊ የተፈጥሮ ክልል ነው። በክረምት ከስቫልባርድ የሚመጡ ሆደ ነጣ ዝዮች ጭቃው ላይ ይመገባሉ፤ አንዴ ተደናግጠው በተነሡ ቁጥር ለብርዱ ያጠራቀሙትን ጉልበት ያባክናሉ። በበጋ ደግሞ መሬት ላይ የሚፈለፍሉ ወፎች አሉ።

ሌላው ፒሪ ፒሪ የሚባል ከደቡብ ንፍቀ ክበብ የመጣ ጭጎጎት ነው። ፍሬው ካልሲ፣ የጫማ ማሰሪያና የውሻ ጠጉር ላይ ይጣበቃል፤ ወደ ሌላ ቦታ ከተወሰደ ያገሩን ተክል ያፍናል። መኪና ከመግባታችሁ በፊት ውሻውን እስከ ጣቶቹ መካከል ፈትሹ፤ የለቀማችሁትን ሜዳ ላይ አትጣሉ፤ በላስቲክ አስራችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጨምሩ። ከሁሉ የሚመረጠው ሱፍ ካልሲ አለማድረግ ነው።

ጥያቄ (ከበርሚንግሃም)፦ ደሴቲቱ ላይ «ጠጅ» ይሸጣል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ የማር መጠጥ ይሸጣል። ነገር ግን ማሩ የሚገባው ከወይን ጠጅና ከቅጠላ ቅጠል ጋር ነው፤ አልኮልም ይጨመርበታል። ጌሾ የለውም፤ ስለዚህ የጠጅን ምሬት የሚጠብቅ ሰው ያዝናል፤ ጣፋጭና ከባድ ነው። ቅምሻ ስላለ ጠርሙስ ከመግዛትዎ በፊት ይቅመሱ፤ መኪናውን የሚነዳው ሰው ግን አይቅመስ።